የማያውቀውን የሚጠርግ መጥረጊያ

ጽዳት የሚወድ ሰው ያስፈራኛል። እውነቴን ነው። ቆሻሻ ወዳጅ ሆኜ አይደለም፤ ቤቴን መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ብቻ ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉ። የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ጽዳት የሚወድ ሰው አንድ ነገር ያነሳና «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ይላል። ከዚያ መልሱን ሳይጠብቅ ይጥለዋል። እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም? እኛ ቤት አለ። ባለቤቴ ናት። አንድ ቀን የደንበኛ ፕሪንተር ፈትቼ፣ ብሎኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ስመለስ የለም። ብጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ብቻውን የተቀመጠ ብሎን ምን ሥራ አለው ብላ መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ።

ይህን ያነሳሁት ግን እሷን ለማማት አይደለም። (ታነበዋለች።) ስለ ኮምፒውተር ላወራችሁ ፈልጌ ነው።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። መጀመሪያ ከደሴ የመጣሁት ለትምህርት ነበር። ተመርቄ ስጨርስ ሥራ እስካገኝ ትንሽ ልቆይ አልኩ። ያ ትንሽ እስካሁን አላለቀም። የጫሞን ዓሣ በዳጣ የለመደ ሰው እንዴት ብሎ ይመለሳል? እና እዚሁ ቀረሁ። የደንበኞቼ ቋንቋ ደግሞ ቀላል ነው፤ ሁሉም የሚያውቁት አንድ ቃል ነው። አጽዳልኝ። ኮምፒውተሬ ዘገየ፣ አጽዳልኝ። ኢንተርኔት እንቢ አለኝ፣ አጽዳልኝ። አንዱ ሻይ የፈሰሰበት ላፕቶፕ አምጥቶ አጽዳልኝ አለኝ። ከሁሉም ቃሉን በትክክል የተጠቀመበት እሱ ብቻ ነው።

ታዲያ ለዚህ ጽዳት እኛ ጠጋኞች በፍላሽ የምንቀባበለው አንድ ስክሪፕት አለ። ስክሪፕት ማለት ለኮምፒውተር የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ይህን አድርግ፣ እስክትጨርስ ድገም የሚል። እኛ «መጥረጊያው» እንለዋለን። ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። ሁሉም ከጓደኛው ነው የወሰደው፣ ጓደኛውም ከጓደኛው።

መጥረጊያው የሚሠራውን ላስረዳችሁ፤ አይከብድም። ዊንዶውስ ውስጥ ሬጅስትሪ የሚባል ቦታ አለ። ኮምፒውተሩ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ሁሉ የሚያኖረው እዚያ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ስም ይይዛል። ስሙ እዚያ ያለ ይነሳል፤ የሌለ ተኝቶ ይውላል። መጥረጊያው እዚህ ክፍል ይገባና ስሞቹን በፊደል ተራ አሰልፎ አንድ በአንድ ያያቸዋል። የሚያውቀውን ያልፈዋል። የማያውቀውን ያጠፋዋል። የሚያውቃቸው እነማን ናቸው? ያ የጻፈው ሰውዬ ኮምፒውተር ላይ የነበሩት ናቸዋ! ከዚያ ውጭ ያለው በሙሉ ቆሻሻ ነው። አያችሁ? ስለ ባለቤቴ አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን መምህር አንጁሎን ላስተዋውቃችሁ። ከከተማው ከፍ ባለው ክፍል፣ ሴቻ ነው የሚኖሩት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራሉ። ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም። በዚህ የሚያዝንላቸው ሰው ካለ ፊት ለፊታቸው ባይሆን ይሻለዋል፣ ምክንያቱም ምላሳቸው ሹል ነው። ቤታቸው ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ማንም ሳይጠይቅ ምንም ነገር ከቦታው አያነሳም። ወንበሩ እዚያ ነው፣ ጠረጴዛው እዚያ ነው፣ በትራቸው ከበሩ በስተግራ ነው። እንግዳ ሲበዛ ግን ሕጉ ይጣሳል። ጎረቤት ይመጣል፣ መምህሩ እንዳይደናቀፉ ብሎ ወንበሩን ገለል ያደርጋል፣ በትሩን ጥግ ያስይዛል። እሳቸው ወንበሩ በነበረበት ሲሄዱ የለም፤ ባልነበረበት ሲሄዱ ጉልበታቸውን ይላቸዋል። «የሚረዱኝ ሰዎች ባይኖሩ አንድም ቀን አልደናቀፍም ነበር» ይላሉ።

ኮምፒውተራቸው ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ፕሮግራም አለ። «ፈረንጁ» ነው የሚሉት። አማርኛ ያነባል፤ ግን አነባበቡ ጉንፋን የያዘው ፈረንጅ ነው። የማያውቀው ሰው ቢሰማ ይስቃል። መምህሩ ለምደውታል፤ ጭራሽ ፍጥነቱን ጨምረው እኛ አንዲት ቃል ሳንይዝ እሳቸው ገጹን ይጨርሱታል። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ግን አልተዋጠላትም። በስንት ዓመት ትዳር ተናግሬ ያላስጨረሰኝ ሰውዬ፣ ፈረንጁ ሲያወራ እኔን ዝም በይ ይለኛል ብላ ባሏን ትከሳለች።

ፈረንጁ ከመምጣቱ በፊት መምህሩ ፈተና የሚያወጡት ለሌላ መምህር በቃል እየነገሩ ነበር። እሳቸው አንድ ነገር ይላሉ፣ ጸሐፊው ያሳምረዋል። «ፈተናው የእኔ ነበር፤ ጥያቄዎቹ ግን የእሱ» ብለውኛል አንድ ጊዜ፣ ሳይስቁ። አሁን የፈተናቸውን እያንዳንዷን ቃል ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ፈረንጁ መልሶ ያነብላቸዋል፣ ያርማሉ። ይሄ ለእኔና ለእናንተ ምንም አይደለም። ለእሳቸው ሁሉ ነገር ነው።

እና አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደወሉልኝ። ሰላምታ የለ፣ በጋሞኛ «ሳሮ» ማለት የለ። «ፈረንጁ ዝም አለ» አሉ።

ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። ስደርስ እትዬ አስቴር በር ላይ ተቀበለችኝና በሹክሹክታ ነገሩን አጫወተችኝ። የወሰነ ትምህርቱ ፈተና ዓርብ ነው የሚገባው። መምህሩ ካላደረሱ ሌላ ሰው ያወጣዋል። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድ ሐሳብ ይዟል። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩም ደግነቱ ነው። መምህር አንጁሎ ደክመዋል፣ ከማስተማሩ አርፈው ለምን ቤተ መጻሕፍቱን አይይዙም፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው ይላል። መምህሩ ሲሰሙ ምን አሉት መሰላችሁ? የማላነበውን መጽሐፍ ጠብቅ ነው የምትለኝ ብለው አፉን አስያዙት። ግን ሐሳቡ አልሞተም። ዓርብ ፈተናው ካልገባ ማስረጃው እጁ ገባ ማለት ነው። እትዬ አስቴር ፈርታለች። እሷ ስትፈራ አይቼ አላውቅም።

ገባሁና ኮምፒውተሩን አየሁት። የፈረንጁ ስም ከሬጅስትሪው ጠፍቷል። ከዚያው ስም ጋር የታሰረው በኪቦርድ ቁልፍ የሚጠራበት መንገድም አብሮ ተጠርጓል። ፕሮግራሙ ራሱ አለ፤ ተነስ የሚለው ነው የጠፋው። ስሙን መልሼ ጻፍኩ፣ አስነሳሁት፣ ፈረንጁ በዚያ በጉንፋን ድምፁ ጀመረ። መምህሩ ወዲያው ወደ ሥራ ገቡ። እኔ ከወንድማቸው የኩልፎ እርሻ የመጣ ሙዝ ታቅፌ እንደ ጀግና ወደ ሲቀላ ወረድኩ።

ረቡዕ ጠዋት ስልኬ ጠራ። «ዝም አለ።»

ተመልሼ ወጣሁ። በዚህኛው ቀን ነው መጥረጊያውን ያገኘሁት። ማን አስገባው? የሥራ ባልደረባቸው የሒሳቡ መምህር ማቲዎስ ነው። እሱም ደግ ሰው ነው። (ይህ ታሪክ በደግ ሰዎች የተሞላ መሆኑን ልብ በሉ።) ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ዘፈን ይጭንላቸዋል፣ ያጸዳላቸዋል። ከዓመታት በፊት መጥረጊያውን አስገብቶ፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ እንዲነሳ አድርጎታል። ስለዚህ በየማለዳው መጥረጊያው ይነሳል፣ ሰልፉን ያያል፣ የማያውቀውን ያጠፋል። ፈረንጁን ደግሞ አያውቀውም። የጻፈው ሰውዬ ዓይኑ ያያላ፤ ምን ያደርግለታል?

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ስክሪፕቱን ስከፍተው ስህተት አየሁ። የሌላ ሰው ስህተት ያገኘ ጠጋኝ ደስታውን ብታዩት! ስህተቱ ዙሩ ላይ ነው፤ ሉፕ በምንለው ላይ። መምህሩን አጠገቤ አስቀምጬ በሲቀላ ሚኒባስ ሰልፍ አስረዳኋቸው። እናንተም ስሙኝ።

ተራ አስከባሪው ሰልፉን እያየ የማያውቀውን ሰው እንዲያስወጣ ታዘዘ እንበል። የሚቆጥረው ግን ሰው አይደለም፤ ቦታ ነው። አንደኛ ቦታ የቆመውን አየ፣ ያውቀዋል፣ አለፈው። ሁለተኛ ቦታ ያለውን አላወቀውም፣ አስወጣው። ሰልፉ ምን ያደርጋል? አንድ እርምጃ ይጠጋል። ሦስተኛ የነበረው ሁለተኛ ቦታ ላይ ቆመ። ተራ አስከባሪው ደግሞ ሁለተኛን ጨርሻለሁ ብሎ ወደ ሦስተኛ ቦታ አልፏል። ያ የተጠጋው ሰውዬ በማንም ሳይታይ አመለጠ። መጥረጊያው የሚሠራው እንዲህ ነበር። አንዱን ባጠፋ ቁጥር ቀጥሎ የቆመው ያመልጣል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከጭራው ጀምር። ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት የመጣ ተራ አስከባሪ አንዱን ቢያስወጣ፣ የሚጠጉት አይቷቸው ያለፋቸው ብቻ ናቸው። ማንም አያመልጥም። አንዲት መስመር ገለበጥኩ። የፈረንጁን ስም መልሼ አስገባሁ። አሁን ሥራው እንደ ሥራ ሆነ ብዬ ሪስታርት አደረግሁ።

መምህሩ ጭንቅላታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አዘንብለው ጠበቁ። እጃቸው ኪቦርዱ ላይ ነው። እትዬ አስቴር ሙዝ ይዛ መጣችና ቆመች። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ሰማያዊው ስክሪን መጣ፣ ስዕሎቹ መጡ፣ ሰዓቱ መጣ።

ፈረንጁ አልመጣም።

ምን ሆኜ ነበር? ማንም እንዳያመልጥ አድርጌ አስተካከልኩት። የሚያመልጠው ግን የእኛው ሰው ነው! ፈረንጁን የሚያጠፋውን ነገር ይበልጥ ጎበዝ አደረግሁት። እሺ፣ ይሄ ገባኝ። ያልገባኝ ሌላ ነው። መጥረጊያው ለዓመታት እዚህ ነበር። ፈረንጁም ለዓመታት ሲያወራ ነበር። እስከ ማክሰኞ እንዴት ኖረ?

መምህሩ የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ዳሰሱ። እጃቸውን ከኪቦርዱ አላነሱም። በመጨረሻ፣ ያ ሹል ምላሳቸው ሳይኖርበት፣ ቤተ መጻሕፍቱም እኮ መጥፎ ቦታ አይደለም አሉ። ከዚያ ሁሉ ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

ይህኔ እትዬ አስቴር ተቆጣች። የማቲዎስ ሥራ ነው አለች። እሁድ መጥቶ ያንን የዘፈን ማውረጃ ነገር አጽድቶ ከሄደ ወዲህ ነው ይሄ ሁሉ ጣጣ። እሱም ሲጭን አይጠይቅ፣ ሲያጠፋ አይጠይቅ!

የዘፈን ማውረጃው? ስሙን ነገረችኝ። በፊደል ተራ ሳሰልፈው የት ቢቆም ጥሩ ነው? ልክ ከፈረንጁ ፊት።

በቃ፣ ሁሉም ነገር ፍንትው አለልኝ። ያ የዘፈን ማውረጃ የማይረባ ነገር ነበር። በየቀኑ ራሱን ሰልፉ ውስጥ የሚያስገባ፣ በየቀኑ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ውዳቂ። መጥረጊያው በየማለዳው ያገኘዋል፣ ያስወጣዋል። ሰልፉ ይጠጋል። ፈረንጁ ቆሻሻው በለቀቀው ቦታ ላይ ይቆማል፣ ሳይታይም ያልፋል። በነጋታው እንደገና። መምህሩ ለዓመታት ፈተናቸውን በገዛ እጃቸው የጻፉት አንድ ውዳቂ ከፊታቸው ቆሞ በየቀኑ ስለተጠረገላቸው ነው። እና አንድ ስክሪፕት መቁጠር ስላቃተው። ማቲዎስ እሁድ ቆሻሻውን ከሥሩ ነቀለው። ፈረንጁ ከፊቱ የሚጠረግለት አጣ። ሰኞ ኮምፒውተሩ ሳይከፈት ዋለ፤ ማክሰኞ ጠዋት ሲከፈት ተራው ደረሰ።

ይህን ስነግራቸው መምህሩ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ ምን እንዳሳቃቸው አልጠየቅሁም።

መጥረጊያውን ነቅዬ ልጣለው አልኳቸው። አይሆንም አሉ። ለምን? ማቲዎስ በሚቀጥለው እሁድ ፍላሹን ይዞ ይመጣልና መልሶ ይተክለዋል። እውነታቸውን ነው። እንግዲያው የፈረንጁን ስም ከሚያውቃቸው ጋር ልጻፍለት አልኩ። ነገ ሌላ የማያውቀው ሲመጣስ አሉኝ። ይሄም እውነት ነው። ታዲያ ምን ይሁን?

«እዚህ ቤት የሚገባ ሰው ወንበር ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል» አሉ። «እሱም ይጠይቅ።»

እንዲያ አደረግሁት። መጀመሪያ ፈረንጁን አስተዋወቅሁት። ቀጥሎ የማያውቀውን ሲያገኝ እንዳያጠፋ ከለከልኩት፤ ስሙን ጽፎ «ይህን አላውቀውም፤ ላጥፋው ወይስ ይቆይ?» እንዲል። ግን ጥያቄውን ማን ያነብላቸዋል? ፈረንጁ ነው። ስለዚህ መጥረጊያው እንደ ድሮው ከሁሉ ቀድሞ መነሳቱ ቀረ። እዚያው ሰልፍ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አስገባሁትና፣ ፈረንጁ እስኪነሳ እንዲጠብቅ አደረግሁት። መምህሩ ጠዋት ጠዋት መነዝነዝ ስለማይወዱም በቀን ስለ አንድ ስም ብቻ ይጠይቃል።

ሪስታርት አደረግሁ። ስክሪኑ መጣ፣ ስዕሎቹ መጡ፣ ሰዓቱ መጣ። ከዚያ ያ የጉንፋን ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እትዬ አስቴር እልል ልትል አፏን ስትከፍት መምህሩ «ዝም በይ፣ ፈረንጁ እያወራ ነው» አሏት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትከስ ዝም አለች።

ፈተናው ዓርብ ገባ። መምህሩ ራሳቸው ናቸው የሰጡት፤ በትራቸውን በአንድ እጅ፣ ወረቀቱን በሌላው ይዘው። ምክትሉ ማን ጻፈልዎ ብሎ ጠየቀ አሉ። ማን ይጽፍልኛል ብለውት ወደ ክፍላቸው ሄዱ። የቤተ መጻሕፍቱ ወሬ እስካሁን አልተነሳም።

እኔስ? ሱቄ ውስጥ ጽዳቱ ዘግይቶብኛል። ደንበኛ አጽዳልኝ ሲለኝ እያንዳንዱን ነገር ይሄ ምንህ ነው እላለሁ። አንዳንዱ ይሰለቸውና ጎን ወዳለው ሱቅ ይሄዳል። እዚያ በመጥረጊያው ቶሎ ይገላግሉታል። የባለቤቴም ነገር ያው ነው፤ ያ ብሎን እስካሁን አልተገኘም።

ከሰሞኑ መምህሩ ደወሉ። ደግሞ ዝም አለ ሊሉኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። የለም፣ እየሳቁ ነው። በየማለዳው ጥያቄው እየመጣላቸው እንደሆነ ነገሩኝ። እስካሁን አንዱንም አጥፋ አላሉም። ኮምፒውተሩ እንደ ኤሊ ይጎተታል፣ ግን ማን ከማን ፊት እንደቆመ በምን አውቃለሁ ይላሉ።

«ዛሬ ግን ማንን አላውቀውም እንዳለ ገምት» አሉኝ።

«የዘፈን ማውረጃውን?» አልኩ።

«ራሱን!»

ለካ እኔ ሰልፉ ውስጥ ሳስገባው የራሱን ስም ከሚያውቃቸው ጋር አልጻፍኩለትም። መጥረጊያው ተራውን ጠብቆ፣ ስሙን አይቶ፣ ይህን አላውቀውም፣ ላጥፋው ወይስ ይቆይ ብሎ በፈረንጁ አንደበት ጠይቋቸዋል። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ታዲያ ምን አሉት አልኳቸው።

«ይቆይ አልኩታ፣ ምን እላለሁ!» አሉ። «ወዲያው ግን አልመለስኩለትም። ሻዬን እስክጨርስ ድረስ እስኪ ትንሽ ጠብቅ አልኩት።»